ይህ ነጭ ዓሣ የትኛው ነው? (ጉማራ ወንዝ፣ ነሐሴ)

ፎገራው • ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ናችሁ። እዚህ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለፍልሰታ ቤተሰብ ዘንድ መጥቻለሁ። አጎቴ ከጉማራ ድልድይ ብዙ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ጣና ሊገባ ሲል መረብ ይጥላል። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አብሬው ወረድኩ። ስምንት ዓሣ አወጣን። ምን ዓይነት ናቸው ብዬ ስጠይቀው "ነጭ ዓሣ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ነው?" አለኝ።

ኬሻ ላይ ደርድሬ ሳያቸው ግን አንድ ዓይነት አልመሰሉኝም። አንዷ ረጅም ናት። ራሷ ብቻ የሰውነቷን ሩብ ያልፋል። አፏን በጣቴ ስከፍተው ጡጫዬ ሊገባ ምንም አልቀረው። ሁለቱ ደግሞ ጠበብ ያሉ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ትልቅ ነው፣ ያፈጠጡ ይመስላሉ። የቀሩት አምስቱ ልሙጥ ናቸው፤ ስለ እነሱ የምለው የለኝም።

ሆዳቸው ሲቀደድ ስድስቱ በእንቁላል ተሞልተዋል። እናቴ "እሰይ፣ በረከት!" አለች። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ስልኬ ላይ "ነጭ ዓሣ" ብዬ ብፈልግ የሚመጣው ሁሉ የአጠባበስ ዘዴ ነው። ሦስት ፎቶ አያይዣለሁ። የትኛው የትኛው ነው? እውነት እየጠፉ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያለ ነገሩ የምጨነቀው?


ዓሣ_በሎሚ • ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 2፡52

ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያለውን አውቀዋለሁ። ለዱለት የሚሆነው ነው።

ቀልዴን ነው ወንድሜ። አዋቂዎቹ እስኪመጡ ቦታ ልያዝ ብዬ ነው።


ጢም_ቆጣሪ • ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 4፡10

እንኳን ደህና መጣህ ፎገራው። ያለ ነገሩ አልተጨነቅክም።

መጀመሪያ ግን ስለ ፎቶዎችህ። ሦስቱም ከላይ ወደ ታች የተነሡ ናቸው። አንዱ ላይ ደግሞ የአጎትህ አውራ ጣት ማየት የምፈልገውን ቦታ ሸፍኖታል፤ አፉን። ዓሣ ከጀርባው ሲነሣ ሁሉም ዓሣ አንድ ነው። ሌላ ጊዜ በጎኑ አስተኛው፣ ራሱ ወደ ግራ ይሁን። ክንፉን ዘርጋው። አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም ማስመሪያ አኑር፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ከዚያ አፉን ዘግተህ አንድ፣ ከፍተህ አንድ፣ ከሥር ሆነህ ከንፈሩንና ጢሙን አንድ። ከውኃ እንደወጣ መሆን አለበት። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆየ ዓሣ ቀለሙ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። "ነጭ ዓሣ" አንድ ዓሣ አይደለም። ቆሮሶ ስትል ቆሮሶ ነው፣ አምባዛ ስትልም አምባዛ ነው። ነጭ ዓሣ ግን የጅምላ ስም ነው። በሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚባለው ወገን ነው፤ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ 15 ዓይነቶች አሉት። በዚያ ላይ ኢንተርሜዲየስ የሚባለው አለ፤ እሱ በሌሎች ወንዞቻችንና ሐይቆቻችንም ይገኛል።

ለምን እዚህ ብቻ? የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይተኸዋል። 40 ሜትር ያህል ነው። ከታች ያለ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ከፏፏቴው በላይ ያሉት ተዘግቶባቸው እርስ በርስ ብቻ እየተዋለዱ፣ እየተለያዩ ሄዱ። ከሐይቁ ሥር የወጣ ደለል እንደሚያሳየው ጣና ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር። እና ይህ ሁሉ ልዩነት ከዚያ ወዲህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ለዓሣ ዘር ይህ የትናንት ያህል ነው። ለዚህም ነው በዘረመል እንኳ መለየት የሚያስቸግረው። መልካቸው ቀድሞ ተለያየ፣ ደማቸው ገና አልራቀም።

አፈ ሰፊዋ ሜጋስቶማ ትመስለኛለች። ስሙ ራሱ "ትልቅ አፍ" ማለት ነው። ዓይናሞቹ ማክሮፍታልመስ ይመስሉኛል፤ እሱም "ትልቅ ዓይን" ነው። ስም ያወጡት ሰዎችም አንተ ያየኸውን ነው ያዩት! ግን በእነዚህ ፎቶዎች አልምልም።

የሚያሳስበኝ "ስለ እነሱ የምለው የለኝም" ያልካቸው አምስቱ ናቸው። እዚያ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሊኖር ይችላል።


ፎገራው • ነሐሴ 13፣ ከጠዋቱ 1፡05

አመሰግናለሁ እህቴ። እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ አሁን ደግሞ ባሰብኝ፣ ሃሃ።

ልሙጦቹን እንዴት ነው የምለየው? ቅርፊት ልቁጠር? አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ ስምሽ ለምን ጢም_ቆጣሪ ሆነ?


ጢም_ቆጣሪ • ነሐሴ 13፣ ከጠዋቱ 3፡30

ስሜ የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት ሙሉ የዓሣ ጢም ስለካ ከረምኩ። ነጭ ዓሣ በአፉ ዙሪያ ሁለት ጥንድ ጢም አለው፣ አራት መሆኑ ነው። ብዛቱ ሁሉም ላይ ያው ስለሆነ አይለይም። ርዝመቱና ውፍረቱ ግን ይለያል። ክራሲባርቢስ የሚባለው ስሙን ያገኘው በወፍራም ጢሙ ነው።

ቅርፊት መቁጠር ይጠቅማል፤ ግን ለጀማሪ ዓይን ያደክማል። እኔ ብሆን ከራስ ነው የምጀምረው። ክር ውሰድ። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ስንጥቡ ክዳን መጨረሻ ለካ። ያንኑ ክር ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር እያጠፍክ ቁጠር። ሦስት ተኩል ጊዜ ገባ? አምስት ጊዜ ገባ? ይህ ብቻውን ግማሹን መንገድ ይወስድሃል። ራሱ አጭር ከሆነ ብሬቪሴፋለስን ጠርጥር፤ ትንሽ ዓሣ ነው፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳት ይበላል።

ቀጥሎ አፉ ወዴት ያያል? ወደ ፊት፣ ወደ ታች ወይስ ሽቅብ? ወደ ፊት ወይም ሽቅብ የተከፈተ ሰፊ አፍ ካየህ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ በላ ነው። ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በሎች ናቸው። የካርፕ ቤተሰብ ለሆነ ዓሣ ይህ እንግዳ ነገር ነው። መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ የለም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ድድ ብቻ ይዞ አዳኝ መሆን ማለት ነው።

አፉ ወደ ታች ሆኖ ከንፈሩ ወፍራም፣ ሥጋው የተንጠለጠለ ከሆነ ኔድጂያ ነው። እሱን አንዴ ካየኸው አትረሳውም። የታችኛው ከንፈሩ ቀንድ የመሰለ ስለታም ጠርዝ ካለው ግን ቤሶ ነው፤ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን እየፋቀ የሚበላ። ከ15ቱ አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው ግን ያደናግረዋል።

ከዚያ ጀርባውን እይ። ከራሱ ኋላ ጉብ ይላል ወይስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል? አፍንጫው ሾሎ፣ ግንባሩ እስከ ጀርባው ቀጥ ያለ መስመር ከሠራ አኩቲሮስትሪስን አስብ። የሹል አፍንጫ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትንንሾቹ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። ግልገሎቹ እርስ በርስ በጣም ይመሳሰላሉ።


ባለታንኳው • ነሐሴ 13፣ ከቀኑ 8፡20

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትነካካለች።

ልጄ ፎገራው፣ ጥያቄህ ደስ አለኝ። እኛ የፈረንጅ ስም ባናውቅም ዓሣውን እናውቀው ነበር። አፈ ሰፊውን ስትቀደው ሆዱ ውስጥ ሌላ ዓሣ ታገኛለህ። ከንፈረ ወፍራሙ ድንጋይ ሥር የሚለቅም ነው፤ ድንጋያማ ዳርቻ ካልሄድክ አታገኘውም። ዓይናማው ከዳር አይገኝም፣ ወደ መሀል ነው። ይህን የነገሩኝ አባቴ ናቸው። ታንኳ ላይ ሆነው "ይህ የእንትን ቤት ነው፣ ይህ የእንትን ቤት ነው" እያሉ ነበር መረብ የሚጥሉት።

ያኔ በደንገል ታንኳ ነበር የምንወጣው። ታንኳ ሩቅ አይሄድም። ነፋስ ከተነሣ ትመለሳለህ። አሁን ሞተሩ የትም ይደርሳል። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ወንዝ አፍ ላይ ይሰለፋል፤ መረቡ እንደ አጥር ነው። ዓሣው ደግሞ ሌላ መግቢያ የለውም።

ወፍራም ከንፈሩን ካየሁት ሰነበትኩ።


ቀጥታ_ልናገር • ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 1፡15

ይቅርታ ግን ይህ ነገር የጠገበ ሰው ወሬ ነው። አስጋሪው የሚበላው ይፈልጋል። ጾም ላይ ከተማው ዓሣ ይፈልጋል። አንድ ዓሣ አሥራ አምስት ስም ቢኖረው ባይኖረው ምን ይቀይራል? ነጭ ዓሣ ነጭ ዓሣ ነው። ጣናም ሰፊ ነው፣ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አያልቅም።


ጢም_ቆጣሪ • ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 3፡45

ቀጥታ ስለተናገርክ እኔም ቀጥታ ልመልስ።

በግ፣ ፍየል፣ ላምና አህያ ያለው አንድ ገበሬ አስብ። ቆጣሪ መጣና ሁሉንም "እንስሳ" ብሎ በአንድ ዓምድ መዘገበ። አምና 30፣ ዘንድሮ 30። አልቀነሰም። ላሞቹ በሙሉ አልቀው በጎች ተራብተው ቢሆንስ? መዝገቡ ደህና ነው ይልሃል። ልጆቹ ግን ወተት የላቸውም።

ጣና ላይ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ የተወሰኑትን ለይቶ ስም ሰጣቸው። በ1940 ቢኒ የሚባል ጣሊያናዊ ጨመረባቸው። በ1973 ደግሞ ባኒስተር የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ "ይህ ሁሉ አንድ ዓሣ ነው፣ መልኩ ነው የሚለዋወጠው" ብሎ ጠቀለላቸው። ሰውየው አልዋሸም፤ መልካቸው በእርግጥ ያምታታል። በ1990ዎቹ የኔዘርላንድስ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ናግልኬርኬና ሲቢንግ፣ ከሐይቁ ሳይርቁ እየለኩ፣ ምን እንደሚበሉና የት እንደሚውሉ እየተከታተሉ እንደገና ለዩዋቸው። አባታችን ባለታንኳው ከአባታቸው የሰሙትን ነው ያረጋገጡት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ስፋቱን እንይ። ጣና ሰፊ ነው፣ ግን ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዓሦቹ ሰባቱ ደግሞ እንቁላል ለመጣል ወንዝ መውጣታቸው በደንብ ተረጋግጧል። ክረምት ላይ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይጎርፋሉ። ንጹሕ፣ ቶሎ የሚሮጥ፣ ጠጠር ያለበት ጥልቅ ያልሆነ ውኃ ነው የሚፈልጉት። 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ የነበረው ዓሣ በጥቂት ወራት ውስጥ በጥቂት ወንዝ አፎች ያልፋል። ስለ ሐይቁ ስፋት የምታወራው ያኔ አይሠራም። በሩ ነው ቁም ነገሩ።

ቁጥሩን ከፈለግህ ይኸውልህ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ የሙከራ ማጥመድ፣ ወንዝ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉት ነጭ ዓሦች መጠን 75 በመቶ ገደማ ወረደ። ግልገሎቹ ደግሞ 90 በመቶ ገደማ። የሞተር ጀልባው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ሒሳቡን ለአንተ ትቼዋለሁ።


ቀጥታ_ልናገር • ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 4፡02

የበጓ ምሳሌ ገብታኛለች። የአስጋሪውን እራት ግን አልመለሽልኝም።


ደለል • ነሐሴ 14፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሙያዬ ውኃ ነው፣ ዓሣ አይደለም። መረቡን ብቻ አንክሰስ።

ጉማራ ላይ በጋ ስትሄዱ ሲኖትራኮቹን ታያላችሁ። አሸዋና ጠጠር ይጫናል። ለግንባታ የሚፈለገው ጠጠር እህታችን የምትለው ያው ጠጠር ነው። ጠጠሩ ሲነሣ ሥሩ ጭቃ ይቀራል። ክረምት ሲመጣ ከተራራው የታረሰው አፈር ይወርድና የቀረውን ይለብጠዋል። እንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል ነው የሚቀመጠው፤ መካከሉ በደለል ከተደፈነ አየር አያገኝም።

በጋ ደግሞ የመስኖ ፓምፕ አለ። ሽንኩርቱ መጠጣት አለበት፣ ያንን አልቃወምም። ግን ወንዙ ወደ ሐይቅ ሳይወርዱ የቀሩ ግልገሎች ያሉበት ኩሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ያችንም ኩሬ ፓምፑ ይጠጣታል። ርብ ላይ ደግሞ ግድብ ተሠርቷል። ከግድቡ በላይ ለሚወጣ ዓሣ መሰላል (እየዘለለ የሚወጣበት ደረጃ ያለው የውኃ መንገድ) ካልተበጀለት ያ መንገድ አለቀ ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ግድብ ሲነድፉ ኩቢክ ሜትር እንጂ ዓሣ አይቆጥሩም። ራሴን ጨምሬ ነው የምለው። ተማሪ ቤት ስለ ዓሣ መሰላል የተማርኩት አንድ ገጽ ቢሆን ነው።


የወረታ_ልጅ • ነሐሴ 14፣ ከቀኑ 7፡30

ስለ ብርብራ ማንም አላነሣም?

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከርብ ላይኛው ገባር አንዱ ላይ ታላላቆቻችን የብርብራ ፍሬ ዱቄት ውኃው ላይ በተኑ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ ትንንሾቹ ናቸው የመጡት፤ ብር መስለው፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ጣት የማያህሉ። እነሱን ማንም አልለቀመም፣ ለምን ይለቀማሉ? ከዚያ ትልልቆቹ እየተንገዳገዱ ወደ ዳር ወጡ። እኛ ሕፃናት በሳቅ እየሞትን በእጃችን እንይዝ ነበር። አንዷን ይዤ ከሆዷ እንቁላሉ እጄ ላይ ፈሰሰ። ቢጫ፣ ሙቅ ያለ።

በማግስቱ ስንሄድ ወንዙ ዳር ሸትቷል። እንቁራሪት እንኳ አልነበረም።


ጢም_ቆጣሪ • ነሐሴ 14፣ ከቀኑ 9፡10

ብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን ነው። በስንጥባቸው ይገባና ሰውነታቸው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል። ውኃው ውስጥ አየር እያለ ታፍነው ይሞታሉ። መረብ ቢያንስ ቀዳዳ አለው። መርዝ ቀዳዳ የለውም፣ የትናንቱንም የነገውንም ይወስዳል።

በመርዝ ማጥመድ በሕግ ክልክል ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይባላል የፌዴራሉ፤ የአማራ ክልልም የራሱ አለው። ወረቀቱ ላይ ችግር የለም። ነሐሴ ሌሊት ላይ ዝናብ እየዘነበ ወንዝ ዳር የሚቆመው ማነው? እሱ ነው ጥያቄው።


አወያይ • ነሐሴ 14፣ ከቀኑ 10፡00

ወገኖች፣ ውይይቱ ጥሩ ይዟል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉበትን ገባር ወንዝና ቦታ በካርታ ነጥብ አትለጥፉ። አንድ እንዲህ ያለ መልእክት አንሥቻለሁ፣ ለጸሐፊው በግል ነግሬዋለሁ። እዚህ የሚያነብ ሁሉ ተመራማሪ አይደለም።


ፎገራው • ነሐሴ 17፣ ከምሽቱ 1፡20

ይቅርታ፣ ትናንት የፍልሰታ ፍቺ ነበርና ጠፋሁ።

ያላችሁትን ለአጎቴ አነበብኩለት። የባለታንኳውን ሳሰማው ዝም አለ። ከዚያ "እኔ መረቤን ባነሣ ማዶ ያለው ይዘረጋዋል። ዓሣው አይተርፍም፣ እኔ ነኝ የማጣው" አለኝ። ምን እንደምመልስለት አላውቅም። እውነቱን ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። የሚረከበው ነጋዴ እንቁላል ያላትን የበለጠ ይከፍልባታል፣ ስለምትከብድ።


ባለታንኳው • ነሐሴ 18፣ ከጠዋቱ 2፡40

አጎትህን ሰላም በልልኝ። ልክ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያንኑ ስል ኖሬያለሁ። "ሌላው ይዘረጋዋል።" ሁላችንም እንዲህ ስንባባል ነው እዚህ የደረስነው።

አንድ የማውቀው ነገር ግን አለ። መረብ ከዳር እስከ ዳር መዘርጋትና እስከ ግማሽ መዘርጋት አንድ አይደለም። ሙላት ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋውን ግንድ ይወስደዋል። ግማሹን ክፍት የተወ መረቡ ይተርፍለታል። እንዲያው ስለ ዓሣው አትንገረው፤ ስለ መረቡ ንገረው።

ሌላው፣ እነዚህን ሁለት ወራት ከወንዝ አፍ ራቅ ብሎ ቆሮሶ ቢያጠምድ ይሻላል። ቆሮሶ ወንዝ አይወጣም፣ እዚያው ሐይቅ ዳር ነው የሚወልድ።


ዓሣ_በሎሚ • ነሐሴ 18፣ ከጠዋቱ 3፡05

እኔ በላተኛው ምን ላድርግ? ቀልድ አይደለም ዛሬ። ነሐሴና መስከረም ላይ አምባዛና ቆሮሶ ብቻ ብበላ ይረዳል?

ደግሞ ለምን ኩሬ ቆፍረን አናረባቸውም? ወይ ከጉማራ ይዘን ሌላ ወንዝ ውስጥ ብንለቃቸው?


ጢም_ቆጣሪ • ነሐሴ 18፣ ከጠዋቱ 5፡50

ቆሮሶ ይረዳል። አምባዛ ግን ተጠንቀቅ፣ እሱም ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ረግረጉና ወደ ተጥለቀለቀው ሜዳ ይወጣል። ምግብ ቤት ስትገባ "ነጭ ዓሣ አሁን እንቁላል ላይ ነው፣ ቆሮሶ የለም?" በል። አንድ ሰው ሲለው አስተናጋጁ ይስቃል። አሥር ሰው ሲለው ለነጋዴው ይነግረዋል።

ይዞ መልቀቁን ግን በፍጹም! ምንም ቅን ብትሆን። የአንዱን ወንዝ ዓሣ ሌላው ውስጥ ስትጨምር በሽታውንም ትጨምራለህ፣ ቅልቅሉንም። በ15 ሺህ ዓመት የተለየውን በአንድ ጄሪካን መልሰህ ታደባልቀዋለህ። ኩሬውም ቢሆን ለቆሮሶ ነው የሚመቸው። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለመራባትም ዓመታት ይፈጅበታል። ለዚህም ነው አንዴ ከተመታ ቶሎ የማያገግመው።

ፎገራው፣ ለአጎትህ አንድ ነገር ልለምነው። መረቡን ሙሉ በሙሉ አንሣ አልልም። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፣ ይህን ማለት ይቀለኛል። ግን የያዘውን ይመዝግብልኝ። ተራ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ቦታ፣ ስንት አፈ ሰፊ፣ ስንት ዓይናማ፣ ስንት ልሙጥ፣ እንቁላል ያላት ስንት። የላቲን ስም አያስፈልግም፤ ራሱ ያወጣው ስም ይሁን፣ ብቻ አይቀያይረው። ባሕር ዳር ላለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ከአንድ አስጋሪ ሦስት ክረምት የተጻፈ ደብተር ማለት ወርቅ ነው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው፤ ስለ እምቦጩ ሁሉም ይጽፋል፣ እሱ ከላይ ሆኖ ይታያላ። ዓሣ ግን ሲያልቅ አይታይም። ውኃው ያው ውኃ ነው።


ቀጥታ_ልናገር • ነሐሴ 18፣ ከቀኑ 6፡30

ደብተሩን እኔ ልግዛለት። አድራሻ በግል ላክልኝ።


ፎገራው • መስከረም 9፣ ከምሽቱ 3፡00

እንኳን አደረሳችሁ ብያለሁ ዘግይቼም ቢሆን።

ወደ ሥራ ከመመለሴ በፊት ሦስት ጊዜ ከአጎቴ ጋር ወርጃለሁ። በክር ለካሁ፣ በጎን አስተኝቼ አነሣሁ፣ እስክሪብቶም አለበት። ዘጠኝ ፎቶ አያይዣለሁ።

አንድ ቀን ሳናየው የቆየ አንድ ዓሣ መረቡ ጫፍ ላይ በሕይወት አገኘን። አኩቲሮስትሪስ የምትይው ሳይሆን አይቀርም፣ አፍንጫው ሾሏል፣ ከግንባሩ እስከ ጀርባው በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። አጎቴ ፈታውና ሳያስበው ውኃ ውስጥ ይዞት ቆየ። ዓሣው ወዲያው አልሄደም። እግሩ ሥር ስንጥቡን እየከፈተ እየዘጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሽቅብ፣ ወደ ወንዙ ሄደ። አጎቴ "አሁን አንተ ታየዋለህ ብዬ ነው የለቀቅኩት" አለኝ። ላምነው ወይስ አላምነው፣ አላውቅም።

መረቡን አላነሣም። ግን ግማሹን ክፍት ትቶታል። ምክንያቱ ግንድ ነው ይላል። ማዶ ያለው ሰውዬ አሁንም ከዳር እስከ ዳር ነው።

ደብተሩ ደርሶታል፣ ቀጥታ_ልናገር እናመሰግናለን። የመጀመሪያውን ገጽ ላንብብላችሁ፣ ጽሑፉ የአጎቴ ነው፦

"ጳጉሜ 4። ዓይናማ 3። አፈ ሰፊ 1፣ እንቁላል አላት። ልሙጥ 6።
መስከረም 3። ዓይናማ 1። አፈ ሰፊ የለም። አፍንጫ ሹል 2፣ አንዱ ሄደ። ልሙጥ 2።
መስከረም 6። ዓይናማ 2። አፈ ሰፊ የለም። ያላወቅኩት 3።"


ጢም_ቆጣሪ • መስከረም 9፣ ከምሽቱ 3፡25

ሹል አፍንጫው አኩቲሮስትሪስ ነው፣ በዚህኛው ፎቶ እምላለሁ። አራተኛውና ሰባተኛው ማክሮፍታልመስ ናቸው። ስድስተኛው ላይ ከትሩቲፎርሚስና ከጻኔንሲስ አንዱ ይሆናል፤ የአፉን ከሥር ፎቶ ካለህ ላክልኝ።

መስከረም 3 "ልሙጥ" ያለውን መስከረም 6 "ያላወቅኩት" ብሎታል። አየኸው? እነዚያን ሦስቱን አልሸጣቸው ከሆነ ጎናቸውን አንሥቶ ይላክልን።


ፎገራው • መስከረም 9፣ ከምሽቱ 3፡31

ሁለቱ ተሸጠዋል። አንዱን እናቴ ጨው ነክራዋለች፣ ራሱ ግን አለ። ነገ ጠዋት አስነሣላችኋለሁ።